ደህነኛውን እግርሽን ዘርጊልኝ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፣ ለእታለም
ቱርሚ

  

በስልክ ጀምረነው መስመሩ እየተቆራረጠ ያላስጨረሰንን ነገር በጽሑፍ ልጨርስልሽ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። «አጥንቱ በሥጋና በቆዳ ተሸፍኖ ሳለ ብሎኑ የት እንደሚገባ በምን ያውቁታል? ቢስቱትስ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። በጥድፊያ ሊመለስልሽ የሚገባ ጥያቄ አይደለም። ስንት ዘመን የሰው ቁስል ስታጥቢና አጥንት ስትደግፊ የኖርሽ ነርስ ነሽና «አይዞሽ፣ ሐኪሞቹ ያውቁበታል» ብዬ ላልፈው አልችልም። ደግሞም አውቅሻለሁ፤ ነገሩ ካልተገለጠልሽ «ጀሶው ይበቃኛል» ብለሽ እዚያው ትቀሪያለሽ።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። የተጎዳውን እግርሽን ትራስ ላይ ከፍ አድርጊው። ደህነኛውን ደግሞ ዘርጊና በአንድ እጅሽ ይህን ደብዳቤ ይዘሽ፣ በሌላው እየዳሰስሽ አንብቢልኝ። ሐኪሙ በታመመው እግር ላይ የሚፈልገው ምልክት ሁሉ በደህነኛው ላይ ሳያብጥና ሳይሰበር ተቀምጧል። እኛም ወደ ኦፕራሲዮን ከመግባታችን በፊት ደህነኛውን አይተንና ዳስሰን ነው የምንነሣው። ቁርጭምጭሚት ከሰው ሰው ይለያያል፤ የአንድ ሰው ግራና ቀኝ ግን እምብዛም አይለያይም።

ጂንካ ተነሥተሽ የላክሽልኝን የራጅ ፎቶ ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ። ካስኬ ወንዝ ላይ እግርሽ አሸዋው ውስጥ ተይዞ ሰውነትሽ ሲዞር ሦስት ነገር ነው የተጎዳው። በውስጥ በኩል ያለው የቁርጭምጭሚትሽ ጉብታ ተሰብሮ ተነጥሏል። በውጭ በኩል ያለችው ቀጭኗ አጥንት፣ ፊቡላ፣ ከመገጣጠሚያው ከፍ ብላ ተሰብራለች። ሦስተኛው ጉዳት ራጅ ላይ ራሱ አይታይም፤ የሚታየው ትቶት የሄደው ክፍተት ነው። ትልቁን የቅልጥም አጥንት ቲቢያንና ፊቡላን ከታች አስረው የሚይዙት ጅማቶች ተበጥሰው ሁለቱ አጥንቶች ተለያይተዋል። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ይኸኛው ነው፤ ያ ብሎን የሚያስፈልግሽም በእሱ ምክንያት ነው።

ለምን እንዲህ እንደምጨነቅ ልንገርሽ። ታለስ የምትባለዋ አጥንት ከላይ በቲቢያ፣ ከግራና ከቀኝ በሁለቱ ጉብታዎች ተይዛ የምትኖረው ጎበዝ አናጺ ያለ ሙጫ እንዳጋጠመው እንጨት ሆና ነው። በእ.ኤ.አ. 1976 ራምዚና ሃሚልተን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ታለስን በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውጭ አንሸራተው ለኩ። ከቲቢያ ጋር የምትነካካበት ገጽ በ42 በመቶ ቀነሰ። አንድ ሚሊ ሜትር ነው፣ እታለም! የሰውነትሽ ክብደት ሁሉ በቀረችው ጥቂት ገጽ ላይ ያርፋል፤ የመገጣጠሚያው ልስላሴ ቀስ በቀስ ይበላል፤ ከዓመታት በኋላ ጠዋት ከአልጋ ስትወርጂ እግርሽ እምቢ ይላል። ጀሶ ስብራትን ሊደግፍ ይችላል። እብጠቱ ጎድሎ ጀሶው ሲላላ ግን ይህቺን ሚሊ ሜትር የሚጠብቃት የለም።

አሁን ወደ እግርሽ እንመለስ። አውራ ጣትሽን በውስጠኛው ጉብታ ጫፍ፣ ሌባ ጣትሽን በውጭኛው ጫፍ ላይ አሳርፊ። እኩል አይደሉም። የውጭኛው በ1 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ወደ ኋላም ሸሸት ይላል። ፊቡላ የተቀመጠችው ከቲቢያ ጎን ብቻ ሳይሆን ከኋላዋም ጭምር ስለሆነ ነው። ብሎኑ ከጎን ወደ ጎን አግድም ቢነዳ የቲቢያን የኋላ ጠርዝ ታክኮ ሊያልፍ፣ ወይም ሲጠብቅ ፊቡላን ከቦታዋ ሊገፋት ይችላል። ስለዚህ መሰርሰሪያው ከውጭና ከኋላ ተነሥቶ ወደ ውስጥና ወደ ፊት ያቀናል። የመማሪያ መጻሕፍቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይላሉ። በጀርባሽ ተኝተሽ የጉልበትሽ ሎሚ ወደ ጣሪያ ሲያይ፣ የሐኪሙ እጅ ዝቅ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ይጠጋል፤ የመሰርሰሪያው አፍ ደግሞ ቀና ይላል።

ይህን ቁጥር እንደ ሕግ ሸምድደው የሚመጡ ሬዚደንቶች አሉ። እኔ አልወደውም። በሲቲ ስካን የተለኩ ቁርጭምጭሚቶች የሚያሳዩት ማዕዘኑ ከሰው ሰው እንደሚለያይ ነው፤ ከ30 ያነሰ የሆነላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ቁጥሩ መነሻ ነው፤ መድረሻውን የሚነግረው ያንቺው አጥንት ነው። ፊቡላን ከጉብታዋ ጀምረሽ በጎኗ ወደ ላይ እየዳሰስሽ ውጪ፤ ቀጭን ጠርዝ ታገኛለች ጣትሽ። ሁለቱን አጥንቶች አቀራርቦ የሚይዘው መያዣ አንደኛው ጥርሱ እዚህ ጠርዝ ላይ ያርፋል። ሌላኛው ጥርስ በውስጥ በኩል፣ የቲቢያን ገጽ ከፊት ወደ ኋላ ሦስት ቦታ ብትከፍይው በፊተኛው ሲሶ ላይ ነው። ጥርሱ ከዚያ ወደ ኋላ ከሸሸ መያዣው ሲጨመቅ ፊቡላን አጣሞ ነው የሚያስራት። የሁለቱ ጥርሶች መስመር ትክክል ከሆነ ብሎኑም መንገዱን አገኘ ማለት ነው።

ከፍታውስ? ጣትሽን ወደ ቁርጭምጭሚትሽ ፊት አምጪው። እግርሽን ወደ ላይ ስታጥፊ ወፍራም ጅማት ይነሣል። ከእሱ ወደ ውስጥ በኩል ጣትሽን አሳርፊና እግርሽን ከፍ ዝቅ አድርጊው፤ አጥንቱ አልቆ ጎድጎድ የሚልበት ቦታ ይሰማሻል። መገጣጠሚያው እሱ ነው። ብዙ ሰው የጉብታዎቹ ጫፍ ላይ ይመስለዋል፤ ከዚያ ከፍ ብሎ መሆኑን አሁን በጣትሽ አየሽው። ብሎኑ ከዚህ መስመር ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ርቆ፣ ለመስመሩም ትይዩ ሆኖ ይገባል። ዝቅ ቢል ሁለቱ አጥንቶች የሚነካኩበት ቦታ ውስጥ ይወድቃል። በጣም ከፍ ቢል ፊቡላ ልትለመጥና ከታች ክፍተቱ ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል። ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ተጋድሞ ከገባም ሲጠብቅ አጥንቷን ሽቅብ ወይም ቁልቁል ይስባታል። ብሎኑ 3.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነው፤ ሥራውም ማጥበቅ ሳይሆን መያዝ ነው። ጅማቱ እስኪድን ሁለቱን አጥንቶች በልካቸው አቁሞ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገርሽ፤ የፈራሽው እሱን ነውና። ብሎኑ ቀጥ ብሎ መግባቱ አንድ ነገር ነው፤ አጥንቷ ቦታዋ ላይ መሆኗ ሌላ። ቦታዋን በሳተች ፊቡላ ውስጥ በትክክል የተነዳ ብሎን ስህተቱን ያጸናዋል እንጂ አያርመውም። በእ.ኤ.አ. 2006 አሜሪካ ውስጥ ጋርድነርና ባልደረቦቹ ይህ ብሎን የተደረገላቸውን 25 ሰዎች በሲቲ ስካን አዩአቸው። በ13ቱ ላይ ሁለቱ አጥንቶች በልካቸው አልተጋጠሙም ነበር፤ በራጅ ያንን ያሳዩት ግን 6 ብቻ ነበሩ። ይህን ያነበበ ሐኪም ሁሉ እጁ ይጠነቀቃል። ላንቺ የመረጥኩልሽ ሐኪምም መያዣውን ከማጥበቁ በፊት ከፊት በኩል ከፍቶ በዓይኑ የሚያይ ነው። ከውጭኛው ጉብታ ፊት ጣትሽን ትንሽ ወደ ላይ ስትገፊ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ቦይ ታገኛለሽ። ፊቡላ የምትቀመጥባት የቲቢያ ሰርጓዳ ቦታ ከዚያ ጀርባ ናት። ፊቡላ እዚያ ውስጥ ስትገባ በዓይን ይታያል፤ በጣትም ይዳሰሳል። ስክሪን ላይ ያለ ጥላ ከዚህ አይበልጥም።

የውስጠኛውን ጉብታ ደግሞ ቀስ ብለሽ ዳስሺው። አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። የፊተኛው ተለቅና ወረድ ያለ፣ የኋለኛው አጠር ያለ፤ በመካከላቸው ጎድጓዳ አለ። የተነጠለውን ቁራጭ የሚይዙት ሁለት ብሎኖች 4 ሚሊ ሜትር ናቸው። አንደኛው ከፊተኛው ጉብታ፣ ሌላኛው ከጎድጓዳው ይነሣል። ከኋለኛው ጉብታ አይነሣም፤ ለምን ብትይኝ እግርሽን ወደ ውስጥና ወደ ታች አጥፊው። ከጉብታው ጀርባ ብቅ የሚለው ጅማት የእግርሽን ቅስት የሚሸከመው ነው። የብሎን ራስ እዚያ ቢቀመጥ በተራመድሽ ቁጥር ይፈገፍገዋል። ከእሱ ኋላ ዘወትር የምትለኪው የልብ ትርታ አለ፤ ከአጠገቡም የውስጥ እግርን የሚያሰማው ነርቭ። ከጉብታው ፊት ያለውን ደም መልስ ላሳይሽ አልሞክርም፤ ውኃ ያለቀበት ሕፃን ይዘውልሽ ሲመጡና እጁ ላይ ሥር ሲጠፋ ወዴት እንደምትሄጂ አንቺው ታውቂዋለሽ። ሐኪሙም ሲከፍት ያንን ሥር አግኝቶ ወደ ጎን ይሰውረዋል።

አንድ ነርቭ ቀረ። እግርሽን ወደ ታችና ወደ ውስጥ አጥፊና አራተኛዋን የእግር ጣትሽን ወደ ታች ሳቢያት። በእግርሽ ጀርባ በውጭ በኩል ቆዳው ሥር ቀጭን መስመር ይወጠራል። ሲወርድ ተከትለሽ ሳይሆን ወደ ላይ ተከትለሽ ብትሄጂ፣ ከውጭኛው ጉብታ ጫፍ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከጡንቻው ሽፋን ብቅ ይላል። ያንቺ ፊቡላ ከፍ ብላ ስለተሰበረች አጥንቷን የሚይዘውን ብረት፣ ፕሌቱን፣ ለማስቀመጥ የሚከፈተው ቦታ የላይኛው ጫፍ ወደዚህ ነርቭ ይጠጋል። ስለዚህ ሐኪሙ እዚያ ሲደርስ ቢላውን አስቀምጦ በመቀስ ጫፍ እያላቀቀ ይፈልገዋል። ያም ሆኖ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የእግርሽ ጀርባ ለጊዜው ቢደነዝዝብሽ አትደንግጪ፤ ነርቭ ሲነካካ ይኮርፋል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይመለሳል።

«ሲ-አርም የሚባለው የራጅ መሣሪያ ባይኖርስ?» ብለሽኝ ነበር። እዚህ አለ፤ ላንቺ ይኖራል። ግን ሐኪም ያለ እሱም መሥራት እንደሚችል አገራችን ካሳዩት አንዷ ናት። ሉዊስ ዘርክል የተባሉ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም በእ.ኤ.አ. 1999 ሳይን የተባለውን ድርጅት የመሠረቱት፣ የረጅም አጥንት ስብራት የሚጠገንበትን ዘንግ ያለ ሲ-አርም ለማስገባት እንዲቻል ብለው ነው። ዘንጉ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ከዓይን ይሰወራል፤ ብሎኖቹን የሚቀበሉት ቀዳዳዎች የት እንዳሉ የሚታወቀው ከውጭ በተገጠመ መምሪያና በእጅ ስሜት ነው። ጥቁር አንበሳ ይሠራበታል፤ ወደ እናንተ አቅጣጫ ደግሞ የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ይሠራበታል። እዚያ የሠለጠነ እጅ አጥንትን በማዳመጥ ይለመዳል። የመጀመሪያውን ቅርፊት በስቶ ሲያልፍ፣ መሐል ባለው ለስላሳ ውስጥ ሲሄድ፣ ሁለተኛውን ሲነካ ድምፁም ግፊቱም ይለያያል። መሣሪያ ሲኖር የእጁን ያረጋግጥለታል፤ እጁን አይተካለትም።

ጎረቤቶችሽ ወጌሻ እናምጣልሽ እያሉ እንደሆነ ሰማሁ። በፍቅር ነው የሚሉት፤ አታስቀይሚያቸው። እግርሽን ግን ማንም አያሽው። በተበጠሱት ጅማቶች ላይ የሚደረግ እሽታ ሁለቱን አጥንቶች ይበልጥ ይከፍታቸዋል። በቀርከሃ ጠበቅ አድርጎ ማሰር የሚያመጣውንም መከራ ከኔ በላይ አይተሻል።

ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ጤና ጣቢያውን ጥለሽ መሄድ እንደከበደሽ ነግረሽኛል። ከየመንደሩ ለገበያ የሚወርደው የሐመር ሰው በዚያው ሕመሙን ይዞልሽ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከከብት ዝላዩ ላይ ወድቀው ስለመጡልሽ ወጣቶች፣ በጭፈራው እግራቸው ስለተጠመዘዘ ሴቶች ስታወሪልኝ ኖረሻል። እብጠቱ ሳይጨምር በፊት አልቦውንና ቃጭሉን ቀድመሽ የምታስወልቂው አንቺ ነሽ፤ ብረቱ እብጠት ላይ ሲጠብቅ ደም እንደሚከለክል አስተምረሽ ያሳመንሻቸውም አንቺው ነሽ። ለዚህ ነው እግርሽ ያንቺ ብቻ ያልሆነው። ለጊዜው የሚተኩሽን ግን ቢያንስ ይህን አስተምሪያቸው፦ ቁርጭምጭሚቱ የተጎዳ ሰው ሲመጣ የሁለቱንም ጉብታዎች የኋላ ጠርዝ ከጫፉ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይጫኑ። አጥንቱ ላይ ካመመው፣ ወይም አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፣ ወደ ጂንካ ለራጅ ይላክ። ካናዳዊው ስቲልና ባልደረቦቹ በእ.ኤ.አ. 1992 ያወጡት መመሪያ ዋናው ይኸው ነው። የእግሩ መሐል ካመመው ደግሞ በውጭ ጎን የትንሿን ጣት አጥንት መነሻ፣ በውስጥ ጎን ከጉብታው ፊት ያለችውን ናቪኩላር አጥንት ይጫኑ። መሣሪያ አይጠይቅም።

አሁን ስለ መምጣትሽ። አጥንት ከተሰበረ ከሁለት ሳምንት በኋላ እየቆየ ሲሄድ በተሳሳተ ቦታው መያያዝ ይጀምራል፤ ማስተካከሉም ይከብዳል። ከዚያ በፊት መግባት አለብሽ። ቆዳሽ ተወጥሮ ካንጸባረቀ ግን አይከፈትም። እብጠቱ ጎድሎ ቆዳው መጨማደድ ሲጀምር ነው ጊዜው። ስለዚህ እስክትነሺ ድረስ እግርሽ ከልብሽ በላይ ከፍ ብሎ ይቆይ፤ ጣቶችሽን እያንቀሳቀስሽ፣ ቀለማቸውንና ሙቀታቸውን እያየሽ።

ከቱርሚ እስከ ጂንካ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በሞተር እንዳትሞክሪው እለምንሻለሁ። ፐርሲቫል ፖት የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በእ.ኤ.አ. 1756 ከፈረስ ወድቆ እግሩ ሲሰበር፣ ሊያነሡት የመጡትን ሰዎች ከልክሎ በር ተገዝቶ እስኪመጣለት መንገድ ላይ ተኝቶ ጠበቀ ይባላል። በዚያ በር ላይ ተጋድሞ ቤቱ ገባ፤ እግሩም ሳይቆረጥ ቀረ። ከ12 ዓመት በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ የጻፈው የቁርጭምጭሚት ስብራት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። አንቺም በመኪና የኋላ ወንበር ላይ እግርሽን ዘርግተሽ፣ የጀሶው ድጋፍ ሳይነካ፣ ትራስ ከሥሩ አድርገሽ ነው የምትጓዢው። የቸኮለ ሾፌር ካጋጠመሽ አትሳፈሪ። ከጂንካ በአውሮፕላን ትመጫለሽ፤ የትኬቱን ነገር ለኔ ተይው።

እኔ አልሠራሽም። ሬዚደንት ሳለሁ ያሠለጠኑኝ መምህሬ ናቸው የሚሠሩሽ። የአንድ እናት ልጆች ስንሆን ከደሞዝሽ ቀንሰሽ ያስተማርሽኝ፣ ደብተሬን በኩራዝ ብርሃን የሸፈንሽልኝ አንቺ ነሽ፤ በዚያ እግር ላይ መሰርሰሪያ ይዤ ልረጋ አልችልም፤ ልሞክረውም አይገባኝም። መምህሬ ግን ከታጠቡ በኋላ መጀመሪያ የሚያደርጉት ይህን ነው፦ ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለቱን ጉብታዎች ይዳስሳሉ፣ ጠርዙን ይከተላሉ፣ መገጣጠሚያውን ያገኛሉ፣ ከዚያ በቀለም ያሰምራሉ። አሁን አንቺም በደህነኛው እግርሽ ላይ ያደረግሽውን ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ያህል አትረግጪበትም። እኔ ቤት ነው የምትቆዪው፤ ምርኩዝሽ ተዘጋጅቷል። ሁለቱን አጥንቶች የሚይዘውን ብሎን ነገር ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ እናየዋለን፤ አንዳንዴ ይወጣል፣ አንዳንዴ ሳያስቸግር ይቀራል። ሲራመዱበት ውስጥ ተሰብሮ የሚቀርም አለ፤ ቢሰበር ሥራውን ጨርሶ ነውና አይከፋም።

የጂንካውን ራጅ ፊልሙን ራሱን ይዘሽ ነይ፤ ፎቶው አይበቃም። የምትወስጂያቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ጽፈሽ ያዢ፤ ለደም ግፊት የጀመርሽውን ጭምር። ጎረቤቶችሽን ሁሉ ሰላም በይልኝ። የምትነሺበትን ቀን እንደቆረጥሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ደውይልኝ።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ